አውቶ ቶንና የእናቴ ዓይን

በፎቶ ቀለም አልታማም። ሚዛን ከተማ ውስጥ ፎቶ ቤት ከከፈትኩ ወዲህ «ፊቴን አበላሸኸው» ብሎ የተመለሰ ደንበኛ የለኝም።

የዚህ አገር ችግሩ አረንጓዴው ነው። ሰዉ ስልኩን ይዞ ቡና ውስጥ ይገባል፣ ጥላ ዛፍ ሥር ቆሞ ይነሳል፣ ከዚያ ፊቱ ጎመን መስሎ እኔ ዘንድ ይመጣል። «አስተካክልልኝ» ይላል። ኮምፒውተሬ ላይ አውቶ ቶን የሚለውን እጫናለሁ። ማሽኑ ጨለማውንና ብርሃኑን ራሱ አመዛዝኖ፣ ያለቦታው የገባውን ቀለም ነቅሎ ሰውየውን ሰው ያደርገዋል። አንዳንድ የሙያ ጓደኞቼ «በእጅ ካልተሠራ ሥራ አይደለም» እያሉ ሲመጻደቁ የእኔ ደንበኛ አመስግኖኝ ሄዷል። ስለዚህ ፎቶ ስከፍት እጄ ከዓይኔ ይቀድማል፤ መጀመሪያ እጫናለሁ፣ ከዚያ አያለሁ።

በቡና ለቀማው መካከል እናቴ ለመታወቂያ የሚሆን ፎቶ ፈልጋ ከሸኮ መጣች። ካሜራ ፊት መቀመጥ አትወድም።

«ቶሎ በል፣ ቡናው መሬት ላይ እየረገፈብኝ ነው።»

«ፈገግ በይ እንጂ እማዬ።»

«ለመታወቂያ ነው ለሠርግ?»

ነጭ ጨርቅ ፊት አስቀምጬ አነሳኋት። ፎቶውን ወደ ፊቷ አስጠግቼ ቆረጥኩና እንደ ልማዴ አውቶ ቶንን ተጫንኩ። እናቴ አማረች። የስንት ዓመት ድካም ከፊቷ ላይ ተነሳ። አጠገቤ ቆማ ስታይ ሳትወድ በግድ ሳቀች። «ይቺንማ እንዳትነካት» አለችኝ።

ጨርቁ ግን ሰማያዊ ሆኗል። ተናደድኩ። ያንን ጨርቅ በእጄ ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ ነጭ ነው። ሰማያዊ የሆነው ማሽኑ ከፎቶው ላይ ቢጫ ስለነቀለ ነው። የእኔ መብራት ደግሞ ቢጫ የለውም፤ መብራቴን አውቀዋለሁ። ታዲያ ቢጫው ከየት መጣ? የሠራሁትን ሰረዝኩት። ጨርቁ ተመልሶ ነጭ ሆነ። ፊቷን አጎላሁት። የዓይኗ ነጩ ክፍል ቢጫ ነበር።

ዞር ብዬ ራሷን አየኋት። በበሩ ብርሃንም ያው ነው።

«ምግብ ይበላልሻል?»

«በለቀማ ጊዜ ማን ይበላል?»

«ሽንትሽስ ቀለሙ እንዴት ነው?»

«ምን ያለው ባለጌ ነው!»

«እማዬ፣ የወፍ በሽታ ሳይሆን አይቀርም። ሆስፒታል እንሂድ።»

«ለቀማው ይለቅና እሄዳለሁ። በል ያቺን ቆንጆዋን አትምልኝ፣ መኪና እንዳያመልጠኝ።»

ስትከራከር አትቻልም፤ ሐኪም ቢለምናትም እምቢ የምትል ሴት ናት። ስለዚህ አልተከራከርኩም። ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አድርጌ ስክሪኑን ወደ እሷ አዞርኩት።

«አሁን እዚህ የቆመችው የትኛዋ ናት?» አልኳት።

ሁለቱን ተራ በተራ አየች። ከዚያ ጣቷን አንስታ ቢጫዋን ነካች።

ዛሬ ድናለች፤ ይህን ሳወራ «ዶክተሩ ልጄ» እያለች ትስቅብኛለች። ያን ቀን ግን አልሳቀችም። ሻሿን አጥብቃ አሰረችና «ቤቱን ዝጋ፣ ውሰደኝ» አለችኝ። ስድስት ልጅ ብቻዋን ያሳደገች እናቴ ማንንም ሰው «ውሰደኝ» ስትል ሰምቼ አላውቅም ነበር። በሩን መቆለፍ እስኪያቅተኝ ድረስ ፈራሁ።