የአለቃው አሜባ

በዘጠናዎቹ ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ ባለቤቴ ይሠራበት በነበረው የካዛንቺስ መሥሪያ ቤት አሜባ የሌለበት ሰው እንደ ጎደሎ ይታይ ነበር። ክትፎ ያበዛው አሜባ፣ ሰኞ ጠዋት መነሣት ያቃተው አሜባ፣ ስብሰባ የሰለቸው አሜባ፤ የሁሉም ሰበብ እሱ ነበር። ሁሉም ስለ ልጁ እንደሚያወራ ሰው "የኔው ደግሞ ሰሞኑን ተነሥቶብኛል" ይላል።

የባሰው አለቃው ነው። አሜባውን ከሹመቱ ጋር የተቀበለው ይመስል ይኮራበት ነበር። መሳቢያው ውስጥ የአሜባ ኪኒኑ፣ ፍላጅሉ፣ ከእስክሪብቶው ጋር ተደበላልቆ ተቀምጧል።

ሰኔ ላይ ባለቤቴ የምሩን ታመመ። ትኩሳቱ አልወርድ አለ፤ ቀኝ ጎኑን በእጁ ደግፎ ነበር የሚራመደው። ቂርቆስ፣ ሰፈራችን ያለ ክሊኒክ ሰገራውን አይቶ አሜባ ነው አለው። ፈቃድ ሊጠይቅ አለቃው ዘንድ ገባ።

"አሜባ? እሱማ ሁላችንም አለብን እኮ!" አለው። "በቃ፣ አንድ ሁለት ፍሬ ዋጥና ሥራህን ሥራ። በጀት ሊዘጋ ነው።"

የዋሁ ባሌ በጀት ሊዘጋ ተቀመጠ። ያ በጀት ያለ እሱም ይዘጋ ነበር። ቅር፣ ተኛ ብዬ ብለምነው "ምን ይሉኛል?" አለኝ። እስከ ዛሬ ይህቺን ቃል ስሰማ ደሜ ይፈላል።

ሆስፒታል የገባው በሰው ድጋፍ ነው። ጉበቱ መግል ቋጥሯል። ወጣቱ ሐኪም ኮሪደር ላይ አቁሞ አስረዳኝ።

"እህቴ፣ አሜባ ሁሉ አንድ አይደለም። በማይክሮስኮፕ ስታዪያቸው መንታ ናቸው። ላያቸው ላይ ግን ስኳር ለብሰዋል፤ የስኳሩ ዓይነትና ብዛት ይለያያል። ያ ልብስ የሌለው ወይም የሳሳበት አንጀት ውስጥ ዝም ብሎ ይኖራል፤ ሰውየው ምንም አይሆንም። ልብሱ የወፈረው ግን አንጀቱን በልቶ ጉበት ድረስ ይሄዳል። ለምን እንዲህ እንደሚሆን ገና እየተጠና ነው።"

"የእሱ የትኛው ነው?" አልኩት፤ መጠየቄም የጅል ነበር።

አለቃው በማግሥቱ ብርቱካን አንጠልጥሎ መጣ። ሐኪሙ ያለኝን አንድ በአንድ ነገርኩት፤ እንዲያፍር ብዬ ነው። ማፈር ከየት ይመጣል!

"ኧረ ተይ እባክሽ! ስኳር ለበሰ ትይኛለሽ? ይኸው እኔ ስንት ዓመት ተሸክሜው፣ ምን ሆንኩ?" ብሎ ቦርጩን መታ መታ አደረገ።

ሲያቃስት የዋለው ባሌ ዓይኑን ገለጠ።

"እንግዲያው እንለዋወጥ፣ ጋሼ" አለው።

አለቃው ከት ብሎ ሳቀ፤ በሩ ላይ ላገኛት ነርስ ሳይቀር "ቀልድ ያውቃል" እያለ ወጣ። ባሌ አልቀለደም። መኖር ፈልጎ ነበር።

ቅዳሜ ቀበርነው። አለቃው ከሁላችንም በላይ ስላለቀሰ ሁለት ሰው ደግፎ ነበር ያቆመው።