ሊብሬው ደግፌ እጅ ነው

ደግፌ ክርኑን አስቀድሞ ሰዉን ሰንጥቆ አለፈና የፍርድ ቤቱ አፈጻጸም ክፍል በር ላይ ተገተረ።

«ጋሼ፣ ወረፋ አለ እኮ» አለችው አገኘሽ። በነጋዴው በማርቆስ መጋዘን ውስጥ ሙዝ ስትለይ ኖራ የአምስት ወር ደመወዟ የቀረባት ሴት ናት።

«ወረፋ ለእናንተ ነው። እኔ ባለመኪና ነኝ» አለና በላስቲክ የጠቀለለውን የኢሱዙ ሊብሬ ከኮቱ የውስጥ ኪስ መዘዘ።

ደግፌ ገረሴ ያለውን የአባቱን ቤት ሸጦ ሰባት መቶ ሺህ ብር ለማርቆስ ሲያበድር መያዣ ይሆነኛል ብሎ የተቀበለው ይህንኑ ሊብሬ ነው። ጠበቃው የእህቱ ልጅ ሰሊሆም «አጎቴ፣ መንገድ ትራንስፖርት ሄደው መያዣውን ያስመዝግቡ» ብሎት ነበር። ደግፌ ሕግ ያከብራል፤ ገንዘብ እስካላስወጣው ድረስ። የምዝገባውን ክፍያ ሲሰማ ሳቀ። «ሊብሬው እኔ ጋ እያለ መኪናው የት ይሄዳል?»

መኪናው በሳምንት ሁለቴ አዲስ አበባ ይሄድ ነበር። ማርቆስም «ሊብሬ ጠፋብኝ» ብሎ ምትክ አወጣ፤ በአዲሱ ሊብሬ መኪናውን አስይዞ ከባንክ ተበደረ፤ ባንኩም መያዣውን አስመዘገበ። ደግፌ ሁለት ዓመት ሙሉ አሮጌውን ሊብሬ ትራሱ ሥር አድርጎ ተኛ። ሚስቱ ሰናይት ኢሱዙ የቆመበት ይመስል አልጋውን ሳታስፈቅድ አታነጥፍም ነበር። ለቅሶ ቤት ሳይቀር እያወጣ አሳይቷል። በመጨረሻ ማርቆስ ከሰረ፤ መኪናው በሐራጅ ተሸጠ።

የአፈጻጸም ክፍሉ ኦፊሰር ሊብሬውን ተቀብላ ገለበጥ አድርጋ አየችው።

«ይሄ የተሰረዘ ነው።»

«ማን ሰረዘው? እኔ ጋ ነው የከረመው!»

«ከሽያጩ መጀመሪያ የሐራጁ ወጪ ይነሳል። ቀጥሎ የሠራተኞች ደመወዝ። ከዚያ መያዣ ያስመዘገበው ባንክ። እርስዎ ከናፍጣ ሻጩና ከጎማ ሻጩ ጋር የተረፈውን ይካፈላሉ።»

«ከተረፈ» አለች አገኘሽ ከኋላ።

ደግፌ ዞረ። «ሙዝ ለቃሚ ከእኔ ቀድማ ልትቀበል?»

«ምን ላድርግ ጋሼ፣ የእርስዎ ላም በሰማይ ናት። አሁን ከበሩ ገለል ይበሉልኝ፤ እየጠሩኝ ነው።»

እውነትም እየተጠራች ነበር።

በወሩ መጨረሻ አገኘሽ የአምስት ወር ደመወዟን ተቀበለች። ደግፌ ዘጠኝ ሺህ አራት መቶ ብር ደረሰው። ሊብሬውን አልመለሰም።