ውባንተ የሠራው የጊታር ሰሌዳ

በስልሳ አምስቱ ረሃብ እናትና አባቱን ሙጃ ላይ ቀብሮ ሲነሣ ውባንተ ገና ሃያ ዓመት አልሞላውም ነበር። የቀረው ታናሽ ወንድሙ አድማሴ ብቻ ነው። ልጁ ጉልበቱ ከድቶት መራመድ ስላቃተው አዝሎት የጋሸናን መንገድ ያዘ። ጀርባው ላይ ያለው ሸክም ዝም ሲልበት ቆሞ፣ "አድማሴ" ይላል። "አለሁ" ሲለው እንደገና ይራመዳል። ጋሸና ላይ የጭነት መኪና እያራገፈ ወንድሙን በሚያገኛት ሳንቲም አተረፈ።

ዝናቡ ሲመለስ ላሊበላ ገቡ። አለቃ ወልደ ሩፋኤል የሚባሉ በገና ሠሪ አስጠግተው ሙያቸውን አስተማሩት። እኒያ ሰው በበገናው ምሰሶ ላይ የሚቀረጸው ጌጥ አንዱ ከአንዱ የፀጉር ያህል ከተለያየ ምሰሶውን አንሥተው ለምድጃ ይሰጡ ነበር። ሲያርፉ ሥራው ለውባንተ ቀረ።

በ1975 ክረምት ማብቂያ ላይ የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ መጣ። አድማሴን ከገበያ አፍሰው ቀበሌው ግቢ ውስጥ ዘጉበት። ውባንተ ደጃፉ ላይ ሲንከራተት ሊቀመንበሩ አረጋ አስጠራው። ጠረጴዛው ላይ ጊታር ተጋድሟል። አጠገቡ ሀሰን የሚባል የኪነት ቡድን ወጣት ተቀምጧል። ጊታሩ ጭን ላይ ተጋድሞ፣ ክሩ ላይ ብረት እየተንሸራተተ የሚመታ ነው። በመኪና ሲመጣ ከክሩ ሥር ያለው ሰሌዳ ተሰባብሮ፣ በራስጌው በኩል ቁራጭ ብቻ ቀርቶለታል።

"ሰሌዳውን ለአብዮት በዓል ካደረስከው ወንድምህን አስቀርልሃለሁ" አለ አረጋ። "ካላደረስከው ግን አድማሴ አዲስ የወታደር ጫማ ያገኛል።"

ውባንተ ለበገና ያቆየውን የወይራ ጣውላ አወጣ። ቁራጩ ላይ ብረቱ የሚቆምበትን ቦታ የሚያሳዩ ነጫጭ መስመሮች አሉ። በክር ለካቸው። ሁለተኛው ርቀት ከመጀመሪያው ጠበብ ይላል፤ ሦስተኛውም ከሁለተኛው።

"ለካ የፈረንጅም እጅ ይንቀጠቀጣል" አለ ለራሱ።

የፈረንጁን ስህተት አቃንቶ መስመሮቹን ከራስጌ እስከ ግርጌ እኩል አድርጎ ቀረጻቸው። አለቃ ቢያዩት እንከን አያወጡለትም ብሎ ረካ።

በበዓሉ ዋዜማ ሀሰን ጊታሩን ጭኑ ላይ አጋድሞ ሞከረው። ራስጌው ላይ ደህና ነበር። መስመሮቹን እየተከተለ ብረቱን ወደ ግርጌው ሲያንሸራትት ግን ድምፁ ተጣመመ። መለሰው፣ ደገመው፤ ያው ነው።

"ጋሼ ውባንተ፣ ይኼን ሰሌዳ ምን ነካው?"

"ምን ሆነ? እኩል ነው እኮ።"

"እሱ ነው ጉዱ። ክሩ ባጠረ ቁጥር መስመሩ እየተቀራረበ ነው የሚሄድ። እርስዎ መሰላል ሠሩልኝ።"

ፈረንጁ አልተሳሳተም ነበር። ውባንተ ሌላ የደረቀ ጣውላ የለውም፤ ጊዜውም አልቋል። በዚህ መካከል አረጋ ገባ።

"ደረሰ?"

ውባንተ በሥራው ዋሽቶ አያውቅም። "ጓድ ሊቀመንበር፣ ሰሌዳው..." ብሎ ሲጀምር ሀሰን እግሩን ረገጠው።

"ደርሷል፣ ጓድ" አለ ሀሰን። "እንዲያውም ከፊተኛው ያምራል።"

አረጋ ሲወጣ ውባንተ ልጁን በቁጣ አየው። "በተሳሳተ መስመር እንዴት ልትመታ ነው?"

"በጆሮዬ ነዋ። ጆሮዬ ከከዳኝ ለእኔም ጫማ አይጠፋም።"

በማግስቱ ሀሰን መድረኩ ላይ ሰሌዳውን አንዴም ሳያይ፣ ሰማይ ሰማይ እያየ መታ። ሕዝቡ ዜማው የመሰጠው መስሎት አጨበጨበለት። አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ሊስት ሲል ሀሰን ብረቱን አንቀጥቅጦ መለሰው። አረጋ ከሁሉ በላይ ያጨበጨበው እዚያ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ አድማሴ ተለቀቀ።

በዓመቱ፣ በተከታዩ የምልመላ ዙር፣ አረጋ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሮ ነበር፤ የሚጠገን ጊታርም አልነበረም። አድማሴን ወሰዱት። ወሬውም አልተሰማም።

ውባንተ አርጅቶም በገና መሥራቱን አልተወም። ያ ሁሉ ጭንቅ ለአንድ ዓመት ብቻ ነበር ወይ ሲሉት እንዲህ ይላል፦

"ለአንድ ዓመት ነው። ዝናብ የጠፋበት ክፉ ዓመት ነበር። ቢሆንም ያለችንን ከአንድ ገበታ በላን፤ ተጣላን፣ ታረቅን። ወንድሜ ጢም ሲያበቅል አየሁ። ከዕድሜህ የትኛው ይበልጥብሃል ብትሉኝ እሱ ዓመት ነው። በገናውንማ ሌላም ሰው ይሠራዋል።"