የማይምለው ፀጉር አስተካካይ

በሰፈሩ ትክክለኛ ስሙን የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ሁሉም «አዎ-በቃ» ነው የሚለው። ፀጉር አስተካካይ ነው። በጠባቧ ሱቁ ውስጥ አንድ የሚሽከረከር ወንበር፣ ጥጉ የተሰነጠቀ መስታወትና ተራ ጠባቂ የሚቀመጥባት አግዳሚ አለች። ቅጽል ስሙ የወጣለት ስለማይምል ነው። ሰው ሁሉ «እናቴ ትሙት»፣ «አባቴ ይሙት» ሳይል ሽንኩርት እንኳ በማይገዛበት ሰፈር፣ እሱ የተጠየቀውን «አዎ፣ በቃ» ወይም «አይ፣ በቃ» ብሎ ይመልሳል። ደንበኞቹ ምላጩ ጉሮሯቸው ላይ እያለ እንኳ ከመተረብ አይመለሱም።

«ምላጩ አዲስ ነው? ሙት በለኝ!»

«አዎ፣ በቃ።»

«በሉ እንግዲህ፣ ካልማለ በአሮጌው ሊገዘግዘኝ ነው!»

ይስቃሉ፤ እሱም አብሯቸው ይስቅ ነበር። ያ ድሮ ነው።

እምነቱን ያወረሰው አባቱ ነው። አባትየው፣ ከጥቂት ምእመናን ጋር በአንድ ቤት እየተሰበሰበ የተማረውን ይዞ፣ ለገዢዎቹ ታማኝነት እጁን አንስቶ እንዲምል ሲታዘዝ እምቢ ብሎ ታስሯል፣ ተገርፏል። ከእስር ሲወጣ አንድ ጆሮው አይሰማም ነበር። «ግብር ክፈል ካሉህ ክፈል፣ ተነስ ካሉህ ተነስ» ይለው ነበር ልጁን። «መሐላ ግን የእነሱ አይደለም። እግዜርን ዋስ እየጠራ የሚናገር ሰው፣ ያለ ዋስ ሲናገር ይዋሻል ማለት ነው።» ልጁ ይህን ከእናቱ ጡት ጋር ጠብቶ አደገ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ የአናጢው ነገር መጣ። አናጢው ጎረቤቱ ነበር፤ የዚያን የሚሽከረከር ወንበር የተሰበረ ክንድ የጠገነለትም እሱ ነው። አንድ ቀን በቀትር፣ ዝናቡ እንደ ጉድ ሲወርድ፣ ጢሙን ሊላጭ ገባ። ፊቱ በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ እንቅልፍ ጣለውና ማንኮራፋት ጀመረ። በዚያ ዝናብ ሌላ ደንበኛ የሚመጣ አልነበረም። አዎ-በቃም ምን አስቸኮለኝ ብሎ እስኪያባራ ተወው። በዚያው ሰዓት ከመንገዱ ማዶ ያለው የጨርቅ ሱቅ ተዘረፈ፤ ዘበኛውም ተደብድቦ አንድ ዓይኑ ጠፋ። ዘበኛው «ያየሁት አናጢውን ነው» አለ። ምናልባት አልዋሸም፤ በዝናብ ውስጥ የሚሮጥ ሰው ሁሉ አንድ ነው።

አናጢው ተይዞ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ አዎ-በቃም ምስክር ሆኖ ተጠራለት። ዳኛው ክፉ ሰው አልነበሩም። «ቀኝ እጅህን አንሳና ማል» አሉት።

«አልምልም ጌታዬ። እውነቱን ግን እናገራለሁ። እኔ ጋ ነበር።»

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «ስማ፣ ሥርዓት ነው። ሳትምል የምትሰጠውን ቃል መቀበል አልችልም። ይህ ሰው ደግሞ ካንተ ሌላ ምስክር የለውም።»

«እውነት የያዘ ሰው መማል ምን ያስፈራዋል?» አለ ዐቃቤ ሕጉ፣ ፈገግ ብሎ።

ያኔ አናጢው ከቆመበት ጮኸ። «አዎ-በቃ! በእናቴ ይዤሃለሁ፣ አንዴ እጅህን አንሳ!» የአናጢው እናት ከኋላ ተቀምጣ ታይ ነበር።

አዎ-በቃ አናጢውን አየው። ልቡ እጅህን አንሳ አንሳ ይለዋል፤ የአባቱ የማይሰማ ጆሮ ደግሞ ፊቱ ላይ ድቅን አለበት። እጁ ከጎኑ ሳይላቀቅ ቀረ። «እኔ ጋ ነበር። አዎ፣ በቃ» አለ። ቃሉን የመዘገበው የለም፤ አስወጡት።

አናጢው ተፈረደበት። በገባ በሁለተኛው ክረምት የእስር ቤቱ ብርድ ደረቱን መታውና እዚያው ሞተ። በዚያ ሰሞን በምእመናኑ ቤት ሰባኪው አዎ-በቃን ከመቀመጫው አስነስቶ «በዓለም ገዢዎች ፊት የጸና ወንድማችን» ብሎ አሞገሰው፤ ጉባኤውም አጨበጨበ። እሱ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። እኔማ የእነሱን ጭብጨባ ባሰብኩ ቁጥር እበግናለሁ፤ የጸናው አንዱ፣ የሞተው ሌላው!

ከዚያ በኋላ የአናጢው እናት ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣት ጀመረች። ሰላምታ የለ፣ ወቀሳ የለ፤ ልጇ ተኝቶበት በነበረው ወንበር ላይ ትቀመጣለች።

«ልጄ እዚህ ነበር?»

«አዎ፣ እማማ። እዚህ ነበር።»

«ተኝቶ?»

«ተኝቶ።»

«ያንኮራፋ ነበር?»

«አዎ።»

«ከልጅነቱም እንዲሁ ነው» ትልና ተነስታ ትሄዳለች። ማል ብላው አታውቅም። እሱም ቢሆን የእሷን መምጣት ይፈራል፤ ከቀረች ደግሞ የባሰ ይፈራል። ዝናብ በጣለ ቀን ወንበሩ ባዶ ሆኖ ሳለ ማንኮራፋት ይሰማዋል። ሲላጭ ዓይኑን የሚጨፍን ደንበኛ ካለ ትከሻውን ነቅንቆ «አይተኙብኝ፣ እባክዎ!» ይላል። ሰዎች አበደ አሉ፤ እሱ ግን መስታወቱን ቀና ብሎ ባየ ቁጥር በአረፋ የተሸፈነ ፊት ከኋላው ያያል። ወደ ምእመናኑ ቤት መሄዱን አልተወም፤ መዘመር ግን አቃተው።

አንድ ቅዳሜ ሳትመጣ ቀረች። ከሰዓት በኋላ ጎረቤቷ መጥታ «ታማለች፣ አንተን አምጡልኝ ትላለች» አለችው። ሱቁን ሳይዘጋ እየሮጠ ሄደ። ሴትዮዋ ልጇ በሠራላት አልጋ ላይ ተኝታለች፤ ከሰውነቷ አጥንቷ ብቻ ቀርቷል።

«ልጄ አንተ ጋ ነበር?»

«አዎ፣ እማማ። እኔ ጋ ነበር።»

ስለ እንቅልፉም፣ ስለ ማንኮራፋቱም አልጠየቀችውም። ዓይን ዓይኑን አየችው።

«ማልልኝ» አለች።

አባቱም፣ ሰባኪውም፣ ጉባኤውም ከልቡ ጠፉ። ይህች ሴት ተጠራጥራ እንዳትሞት ብቻ አሰበ። ቀኝ እጁን እስከ ጆሮው ድረስ አነሳ፤ ለመማል አፉን ከፈተ።

እናትየዋ እጁን አየች፤ ከጣቶቹ እስከ ክርኑ፣ ቀስ ብላ።

«ለካ ይነሳል» አለች፤ ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዞረች።