የበርሜሎቹ አፍንጫ

የመዝገብ ስማቸውን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው። ሌላው ሰው ሁሉ ጋሽ አፍንጫ ይላቸዋል። አፍንጫቸው ትልቅ ሆኖ አይደለም፤ እንዲያውም ሲፈጠሩ የተቆጠበባቸው ይመስላል። ስሙ የወጣላቸው በሥራቸው ነው።

ባሕሩ ዳር ያለው ፋብሪካቸው የሽሪምፕና የሸርጣን ቅርፊት ይሰበስባል። ድሮ ቅርፊቱ ውሃው ዳር ይደፋና ሰፈሩን ያገማው ነበር። ኋላ በአሲድና በኮስቲክ ሶዳ እየቀቀሉ ካይቲን የሚባለውን ነጭ ነገር ያወጡ ጀመር፤ ለቁስል መሸፈኛ ይፈለጋል። ያ አሲድ ያለበት ውሃ ግን ተመልሶ ባሕሩ ውስጥ ይለቀቅ ነበር። ጋሽ አፍንጫ በዚያ ዘመን አካፋ ያዥ ነበሩ። ፀሐይ ላይ ቅርፊት ሲዝቁ ወገባቸው አለቀ።

አሁን አሲዱ ቀርቷል ማለት ይቻላል። የተፈጨው ቅርፊት በርሜል ውስጥ ከሞላሰስና ካለፈው ዙር ከተረፈ እርሾ ጋር ይቀላቀላል። ቀስ እያለ ይጎመዝዛል፤ ኖራውንና የተጣበቀበትን ሥጋ ይለቅና ካይቲኑ ይቀራል፤ ፈሳሹም ለከብት መኖ ይሄዳል። ክፋቱ፣ በርሜሉ መጎምዘዙን ትቶ መበስበስ ሊጀምር ይችላል። በጊዜ ከተደረሰበት እርሾ ተጨምሮለት ይተርፋል፤ ካልተደረሰበት ይደፋል። ጋሽ አፍንጫ በየማለዳው ክዳን ከፍተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያሸቱና "ደህና ነች" ወይም "ይቺ ልቧ ሸፍቷል" ይላሉ። ሠራተኛው ቆሞ ይጠብቃል። በዕድሜ ልጃቸው የምትሆነው የፋብሪካው ኬሚስት እንኳ እሳቸው ሳይናገሩ ንቅንቅ አትልም።

ከዚያ ጉንፋን ያዛቸው። ጉንፋኑ ሲለቃቸው ሽታንም ይዞት ሄደ። ሳሙናውም፣ ነጭ ሽንኩርቱም፣ ናፍጣውም አንድ ሆኑባቸው። ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ከበርሜሎቹ ከተነሡ የሚጠብቃቸው አካፋው ነው፤ ይህ ወገብ ደግሞ ከእንግዲህ አካፋ አይችልም። ስለዚህ እንደወትሮው ያጎነብሳሉ፤ አረፋውን ያያሉ፤ "ደህና ነች" ይላሉ።

አንድ ማለዳ የጥጉን በርሜል "ደህና ነች" ብለው አለፉት። ዞር ሲሉ ሠራተኞቹ አፍንጫቸውን ይዘዋል፤ ኬሚስቷ እርሾ እየጨመረችበት ነው። ቢሮዋ ድረስ ተከተሏት።

"ልጄ፣ ከእንግዲህ አልደብቅሽም። ከጉንፋኑ ወዲህ አይሸተኝም።"

"አውቃለሁ፣ ጋሼ።"

"አውቀሽ ነው ዝም ያልሽው? በርሜሉ ሁሉ ቢበላሽስ?"

ከኪሷ እስክሪብቶ የሚመስል የጎምዛዛነት መለኪያ አወጣች። "ይሄ አለ እኮ። እርስዎ ሳይገቡ ሁሉንም ለክቼ እጨርሳለሁ። እርሾውን ብቻ እርስዎ እስኪያልፉ አቆየዋለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

መለኪያውን ወደ ኪሷ መለሰች። "በርሜሎቹ ከመጡበት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።"

"ታዲያ እኔን ለምን አሽትት ትሉኛላችሁ?"

"ደስ ስለሚልዎት ነዋ፣ ጋሼ። ሠራተኛውም ለምዶታል። አካፋ የሚልዎት የለም፤ ነገም መጥተው ያሸታሉ።"

እንጀራቸው ተረፈ። እሳቸው ግን በሕይወታቸው እንደዚያን ቀን ተዋርደው አያውቁም።

አመሻሽ ላይ ነገሩን ሁሉ ለባለቤታቸው ዘረገፉ። ባለቤታቸው የሚያጥፉትን አንሶላ አስቀመጡ።

"ከመጀመሪያው ነው ያልከኝ?"

"ከመጀመሪያው።"

"እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ሽቶ ሳልነካ የኖርኩት፣ 'አፍንጫዬን ታበላሺብኛለሽ' ብትለኝ ሠርግ ቤት እንኳ ደርቄ የሄድኩት፣ ለዚህ ኖሯል?"

ባለቤታቸው የልጃቸው ክፍል ገብተው የሽቶ ጠርሙስ ይዘው ወጡ። መስተዋቱ ፊት ቆመው አንገታቸውን፣ ከጆሯቸው ኋላ፣ የእጃቸውን አንጓ ሳይሳሱ ተቀቡ።

"ኧረ እማዬ! ቤቱን ሞላሽው እኮ!" አለች ልጃቸው ከሳሎን።

ጋሽ አፍንጫ ተነሥተው ወደ ባለቤታቸው አንገት ጎንበስ አሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው በረጅሙ ሳቡ።

"ምንም አይሸተኝም" አሉ።

"ለአንተ ነው የተቀባሁት ያለህ ማነው?" አሉ ባለቤታቸው፣ ቦርሳቸውን አንሥተው እየወጡ።