«እንብላ» የማይባል ሰው

በእኛ አገር ማዕድ ቀርቦልህ ሰው በአጠገብህ ካለፈ፣ ባታውቀውም «እንብላ» ትለዋለህ። እሱም «ብሉ፣ ይባረክ» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ሳትጋብዝ ከጎረስክ ነውረኛ ነህ። እኔን ግን እንብላ የሚለኝ ሰው ከጠፋ ቆየ።

ኩላሊቴ ሥራ ካቆመ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል ሄጄ የኩላሊት እጥበት አደርጋለሁ። ጠዋት ሚዛን ላይ ያቆሙኛል፤ ነርሷ «ጋሼ፣ ውሃ አብዝተዋል» ትለኛለች፤ እኔም ሽምጥጥ አድርጌ እክዳለሁ። ከዚያ ክንዴ ላይ ሁለት ወፋፍራም መርፌ ይሰካና ደሜ ወደ ማሽኑ ሄዶ እስኪመለስ ጣሪያ እያየሁ እጋደማለሁ። ስወጣ በባጃጅ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ወዳለው ቤቴ ገብቼ ፀሐይ ሳትጠልቅ እተኛለሁ። ሚስቴ ካረፈች፣ ልጄም ባሏን ተከትላ ድሬዳዋ ከሄደች ወዲህ በሩን የምከፍተውም የምዘጋውም እኔው ነኝ። ይህን ለምጄዋለሁ። ጥሙም ቢሆን፣ ሐይቅ ያለበት ከተማ ተቀምጦ ውሃ መቆጠብ የሰይጣን ቀልድ ቢመስልም፣ በረዶ እየመጠጥኩ እችለዋለሁ። ያልቻልኩት የሰዉን ጨዋነት ነው።

መጀመሪያ ሊጠይቁኝ የመጡት ሁሉ ብርቱካንና ሙዝ ተሸክመው ነበር። በሽተኛ ሲጠየቅ ወጉ ይሄ ነው፤ ምን ያድርጉ! ለእኔ ግን ሙዝና ብርቱካን ልብ ያቆማል ተብያለሁ። «ልትጠይቁኝ ነው ወይስ ልትቀብሩኝ የመጣችሁት?» ብዬ ብቀልድ ክው አሉ። ወሬው ዞረ፤ «እሱ እኮ ምንም አይበላም» ተባለ። ውሸት! እበላለሁ፤ መጥኜ ነው እንጂ። ከዚያ በኋላ ስደርስ ሳህን ይከደናል፤ ብርጭቆ ከወንበር ሥር ይገባል። ድግስ ሲኖርም «እንዳይቸገር ብለን ነው» ይሉና ሳይጠሩኝ ያልፋሉ። እግዜር ይስጣቸው! ለእኔ አስበው ብቻዬን አስቀሩኝ።

ከሁሉ የከፋኝ የጓደኛዬ ነገር ነው። ባህል አዳራሽ አካባቢ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ በነበረኝ ዘመን እሱ አጠገቤ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጥ ነበር። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወርደን፣ የተጠበሰ ዓሣ በዳጣ፣ በዚያ በሚያቃጥል የቃሪያ ድቁስ፣ እያጠቀስን ከተማውን ስናማ ኖረናል። ከታመምኩ በኋላ ያን ልማድ ቀስ በቀስ ተወው። ስደውልለት አንዴ «ሥራ በዛብኝ»፣ አንዴ «እግሬን አሞኛል» ይለኛል። ስልኩን እዘጋና ግድግዳውን አያለሁ። ሰው ይናፍቃል ወይ ያላችሁኝ እንደሆነ፣ ይናፍቃል፤ ያስለቅሳልም።

ባለፈው እሑድ ግን ናፍቆቱ አላስቀምጥ አለኝ። ዓሣው ይቅርብኝ፤ አብሬው መቀመጥ ብቻ ፈለግሁ። ምናልባት ቢመጣ ብዬ ባጃጅ ይዤ አሞራ ገደል ወረድኩ። እግሩን ያመመው ሰውዬ፣ ጥላ ሥር ብቻውን ተቀምጦ የዓሣ እሾህ ይለቅማል! ሲያየኝ እጁን ሰበሰበ። አስተናጋጇን ጠርቶ «አንሺው» አላት።

«ለምን ታነሳዋለች?» አልኩት እንደቆምኩ።

«ጠግቤ ነው።»

«ምኑን ጠገብከው? አንዱን ጎን ገና አልነካኸውም! አንተ ሰው፣ እንብላ ብትለኝ ምን ትሆናለህ? አንተ ጋብዘኝ፤ እምቢ የምለው እኔ ነኝ። እምቢ ማለትን እንኳ ነጠቃችሁኝ እኮ!»

አጠገባችን ያሉት ዘወር ብለው አዩን። እሱ አቀርቅሮ የዳጣውን ሳህን ወዲያ ወዲህ ገፋ።

«ላንተ ብዬ መስሎሃል?» አለኝ ቀና ሳይል። «አይደለም። አንተን እያየሁ አልዋጥልህ አለኝ። ከሳህ፤ ፊትህ ጠቆረ። ስጎርስ ለቅሶህ ላይ የተቀመጥኩ ይመስለኛል። ፈሪ ነኝ፤ ምን ላድርግ?»

እኔ በይሉኝታ የራቀኝ መስሎኝ ነበር። ለካ እሱ ቀድሞ አልቅሶልኝ ጨርሷል። ተናደድኩ፤ ከንዴቱ ሥር ግን የእሱ ፍርሃት ወደ እኔም ተጋባ። ወንበር ስቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

«እንግዲያው በተዝካሬ ትበላለህ» አልኩት። «ያኔ ፊት ለፊትህ አልቀመጥም። ዛሬ ግን ይኸው መጥቻለሁ።»

ቀልዴን ነበር። አልሳቀም። አስተናጋጇ ሳህኑን እንደያዘች ግራ ገብቷት ቆማለች። በእጁ ምልክት ሰጥቶ አስመለሳትና፣ ካልተነካው ጎን ቆርሶ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ ጎረሰ። እንባው በጉንጩ ይወርዳል። ለመዋጥ ብዙ ቆየበት። እኔም እስኪውጥ ጠበቅሁት።