ምንም የማትጭን መኪና

ስፖርት መኪና መግዛቴን ስነግረው አባቴ፣ «ስፖርቱን የምትሠራው እሷ ናት ወይስ አንቺ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ቀልዱ ውስጥ ቁጣ ነበረበት። ዕድሜውን ሙሉ ከሰቆጣ ኮረም፣ ከሰቆጣ ወልድያ እህል ሲያመላልስ የኖረ ሰው ነው። ለእሱ መኪና ማለት የሚጭን ነገር ነው። ዓይኑ ሲደክም የጭነት መኪናውን ሸጠና ለእኔና ለታላቅ ወንድሜ አካፈለን። ወንድሜ ሱቁን አሰፋበት። እኔ ግን አዲስ አበባ ሄጄ አሮጌ፣ ቀይ፣ ሁለት በር ብቻ ያላት ዝቅ ያለች መኪና ይዤ መጣሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስመኛት ወንድሜ «ላም አለኝ በሰማይ» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ስለ መንዳት ያለኝ እምነት ጠንካራ ነው፤ ሲከራከሩኝም እናደዳለሁ። ፍጥነት የሚወድ አውሮፕላን ይሳፈር። ደስታው ያለው መሬቱ በመሪው በኩል መዳፍ ድረስ ሲመጣ ነው። አውቶማቲክ ማርሽ ሌላ ሰው ያላመጠውን መዋጥ ነው። እኔ ፍሪሲዮን ረግጬ፣ ማርሹን በእጄ አስገብቼ፣ ከኩርባው ስወጣ ቤንዚን ስሰጣት ሞተሩ ድምፁን ይቀይራል፤ ያን ጊዜ እኔ ራሴን አጣለሁ። ማዶ ተራራው ላይ ተቀምጬ በመንገዱ ላይ የምትንሸራተት ቀይ ነጥብ የማይ ይመስለኛል። ነጥቧ ውስጥ ያለችው ሴት ማን እንደሆነች አላውቅም፤ ብቻ ደስ ብሏታል።

ወንድሜ ይህ ሁሉ አይገባውም። ከሰሃላ ማር የምታመጣ ፒክአፕ ለመግዛት ሲል ለመኪናዬ ገዢ አፈላልጎ አገኘ። የመኪናው ገንዘብ የአባቴ ድካም ስለነበር የመጨረሻው ቃልም የእሱ ሆነ። አባቴም አንድ ጊዜ ተሳፍሬባት ልወስን አለ። የዚያን ሳምንት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

በገበያ ቀን ማለዳ ወደ ጋዝጊብላ ይዤው ወጣሁ። ሸለቆው በጉም ተሞልቶ የተራሮቹ አናት ብቻ ይታያል፤ መንገዱ ከጉሙ ይወጣል፣ ተመልሶ ይገባል። የምወዳቸውን ኩርባዎች ላሳየው አስቤ ነበር። አባቴ ግን በገበያ ቀን እግረኛ አዛውንት ትቶ ማለፍ ኃጢአት ነው ባይ ነው። ገና ከከተማው ሳንርቅ ዶሮ ያቀፉ እናት አየሁና ነገርኩት፤ ቁሚ አለኝ። ወንበሩን አጥፌ ከኋላ አስገባኋቸው። ዶሮዋ እንዳትደነግጥ በሁለተኛ ማርሽ እየዳኽኩ፣ ኩርባዎቼን አንድ በአንድ በሐዘን አለፍኳቸው። አባቴ ከእናትየው ጋር ስለ ዝናብ እያወራ አንድም ጊዜ ስለ መኪናዋ አላነሳም። አለቀልኝ አልኩ በልቤ።

ገበያው ዳር ሲወርዱ እናትየው በባዶ እግራቸው ነበሩ። ጫማዎ የት አለ ስላቸው ደንግጠው ዞር ዞር አሉ።

«መግቢያው ላይ አውልቄዋለሁ፤ ወለሏ ምንጣፍ አይደለም ወይ?» አሉ።

ምንጣፍ ነው፤ ቀይ ምንጣፍ። እንደ ቤት ቆጥረዋት፣ ሲወጡ ደጃፉ ላይ እንደሚያገኙት አምነው ነበር። የእኔ ቤት ግን ደጃፏን ትታ ሄዳለች።

አባቴ ሳቁን ሊይዝ እየሞከረ ሰው ሳያነሳው ተመለሺ አለኝ። እናትየውን እዚያው ትተን ዞርን። ገበያተኛው ሁሉ ገብቶ መንገዱ ባዶ ሆኗል። ጉሙም እየሳሳ ብርሃኑ ነጭ ሆኖ በመስኮቱ ይገባል።

«የምንጭነው ሰው የለም አይደል?» አለ አባቴ። «እስቲ ልቀቂያት።»

ለቀቅኳት። ጠጠሩ ከሥር ይንሿሿል፤ ሦስተኛ፣ ሁለተኛ፣ ደግሞ ሦስተኛ። ለጥቂት ጊዜ የት እንዳለሁ ጠፋኝ። ከዚያ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ወለሉ ላይ ጠብ፣ ጠብ የሚል። ድንጋይ ሆዷን የነካት መስሎኝ ፈራሁ። ድምፁ ግን ከአባቴ ዘንድ ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ ሞተሩን እያዳመጠ፣ ማርሽ ልቀይር ስል ግራ እግሩን ወለሉ ላይ ይረግጣል። ፍሪሲዮን እየረገጠ ነበር።

ቁልቁለቱ ላይ ከእኔ ቀድሞ ረገጠ። እኔ ገና ነው ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ልክ ነበር፤ ያንን ቁልቁለት ከእኔ ልደት በፊት ጀምሮ ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ የራሴን ፍርድ ተውኩት። የእግሩን ድምፅ ስሰማ እረግጣለሁ፣ ሲያነሳ አነሳለሁ። ከነዳኋቸው መንገዶች ሁሉ እንደዚያ ያማረ የለም። እንባዬ መጣ፤ መንገዱ እንዳይጠፋኝ ብዬ መለስኩት። አውቆብኝ ይሁን አይሁን እስካሁን አልጠየቅኩትም።

ኮንጎ ጫማው መንገዱ ዳር ጎን ለጎን ተቀምጦ አገኘነው። መልሰን ወስደን ለእናትየው ሰጠናቸው፤ መንገዳችሁን ያቅናላችሁ ብለው መረቁን።

ቤት ስንደርስ ወንድሜ ስልኩን ይዞ በር ላይ ይጠብቀን ነበር፤ ገዢው መልስ ይፈልጋል። አባቴ ክንዴን ይዞ ወረደና አትሸጥም በለው አለው። ወንድሜ ፊቱ ተለዋወጠ።

«አነዳዷ ማርኮህ ነው?» አለው።

«እሷ መች ነዳችና!» አለ አባቴ። «እኔ ነኝ የነዳሁት።»